የፈረሰውን ካብ ማን ይጠግናል? የኮንሶ እርከንና የጋራ ግዴታ፦ የጉዳይ ጥናት

የአንድን አካባቢ ባህላዊ ማንነት ለማጥናት የሚወጣ ባለሙያ መጀመሪያ የሚይዘው ዝርዝር ይታወቃል፤ አለባበስ፣ ጭፈራ፣ ሰርግ፣ ለቅሶ፣ ምግብ። ሁሉም በካሜራ ይያዛል፣ በበዓል ቀን አደባባይ ይወጣል። ኮንሶ ላይ በዚህ ዝርዝር ብቻ የሄደ ጥናት የሴቶቹን ባለ ሁለት ደርብ ጉርድ ቀሚስና የጨቃውን (ከእህል የሚጠመቀውን መጠጥ) ቅል ይዞ ይመለሳል፤ ተራራውን ከአናቱ እስከ ግርጌው የከበበውን የድንጋይ ካብ ግን "ግብርና" በሚለው ምዕራፍ ሥር ወርውሮት ያልፋል። የኮንሶ የጋራ እሴት የሚነበበው እዚያ ካብ ላይ ነው። ሲፈርስ ማን ይጠራል፣ ማን ይመጣል፣ የቀረውስ ምን ይደርስበታል? ይህ ጥናት የተሠራው በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ነው።

ቦታውና ምዝገባው

የኮንሶ ዞን የሚገኘው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ነው። ዋና ከተማው ካራት ከአርባ ምንጭ በስተደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል። ከዚያ መሬቱ ወደ ሰገን ወንዝ ሸለቆ እየሞቀ ይወርዳል። ዝናቡ ሁለት ወቅት አለው፤ ዋናው የበልጉ ሲሆን ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት ይዘልቃል፣ ትንሹ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ይመጣል። መጠኑ ማነሱ ሳያንስ በጥቂት ቀን ዶፍ ሆኖ ይወርድና ለሳምንታት ይጠፋል። አፈሩ ስስ፣ ተዳፋቱ ቀጥ ያለ፣ ድንጋዩ ደግሞ የትም ነው። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ውሃ ካልታሰረ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ይህ ሲሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጎብኚ ሁሉ "ኒውዮርክ" እያለ የሚጎርፍበት የጌሰርጊዮ ገደል የአፈር መሸርሸር ያቆማቸው ማማዎች ናቸው። የሚገርመው፣ ብዙ ጎብኚ እሱን አይቶ መንገድ ዳር ያለውን እርከን ሳያይ ይመለሳል።

ዩኔስኮ የኮንሶን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በሰኔ 2003 ዓ.ም ነው። የተመዘገበበት መስፈርት ሁለት ነው፤ አንደኛው ሕያው ለሆነ ባህላዊ ትውፊት ምስክር መሆኑ፣ ሁለተኛው ሰው ከአስቸጋሪ ተፈጥሮ ጋር ተላምዶ የሠራው የአሰፋፈርና የመሬት አጠቃቀም ምሳሌ መሆኑ። የምዝገባው ጽሑፍ ትውፊቱ 21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመት በላይ እንደሚሆነው ይናገራል፤ የማኅበረሰቡን የጋራ እሴት፣ ትስስርና የምህንድስና ዕውቀትም አንድ ላይ ይጠራል። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ይሏል። የሲዳማ ፍቼ ጨምበላላ እና የኦሮሞ ገዳ ሥርዓት የተመዘገቡት ለማይዳሰሱ ቅርሶች በወጣው የ2003 (እ.ኤ.አ.) ስምምነት ነው። ኮንሶ የተመዘገበው ግን ስለ ቦታና ስለ ግንባታ በሚናገረው በ1972ቱ (እ.ኤ.አ.) ስምምነት ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ የተጠበቀው ድንጋዩ፣ ቅጥሩና መንደሩ ነው። ድንጋዩን በቦታው የሚያቆየው የሥራ ግዴታ ግን በካርታ ላይ ወሰን የለውም፤ ችግሩ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

ካቡ እንዴት ይሠራል፣ በምን ይፈርሳል

የኮንሶ ካብ ጭቃም ሲሚንቶም የለውም፤ ደረቅ ድርድር ነው። ቁመቱ እንደ ተዳፋቱ ይለያያል፤ አብዛኛው ከሰው ወገብ አያልፍም፣ በአንዳንድ ቦታ ግን እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። አዲስ ሲካብም ሆነ የፈረሰው ሲታደስ መጀመሪያ ላዩ ለም አፈር ወደ ሽቅብ ተገፍቶ ይቀመጣል፤ እሱ ከሥር ከተቀበረ ማሳው ለዓመታት ይቀጭጫል። ከዚያ መሠረቱ ጠንካራው ንብርብር እስኪገኝ ድረስ ይቆፈራል። ትልልቁ ድንጋይ ከታች ይገባል። ረጅሙ ጎኑ ወደ ተራራው ውስጥ መግባት አለበት፤ ለዓይን እንዲያምር ሰፊ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ማቆም የጀማሪ ስሕተት ነው፣ ምክንያቱም ድንጋዩ ከኋላው የሚይዘው ነገር የለውም። እያንዳንዱ ድርድር ከበታቹ ካለው ትንሽ ወደ ተራራው ገባ ይላል። ከፊቱ ድርድር ኋላ ኮረትና ጠጠር ይሞላል፣ አፈሩ የሚመለሰው በመጨረሻ ነው።

ኮረቱን የዘለለ ሰው ካቡን ለፍርስራሽ አዘጋጀው ማለት ይቻላል። ደረቅ አፈር ካብ አይጥልም፤ ካብ የሚጥለው ከኋላው የተጠራቀመ ውሃ ነው። ድንጋዩ ተደርድሮ በጭቃ ያልተያዘውም ውሃው በቀዳዳው እንዲንጠባጠብ ነው። ለዚህም ነው "ለማጠንከር" ተብሎ በሲሚንቶ የተለሰነ ካብ ከደረቁ ቀድሞ የሚያብጠው። ካቡ ውስጥ ማለፍ ለማይችለው ትርፍ ውሃ ከላይ ዝቅ ያለ ማፋሰሻ ይተዋል። የላይኛውና የታችኛው እርከን ማፋሰሻ በአንድ መስመር ላይ ከዋለ ግን ውሃው ከአፍ ወደ አፍ እየዘለለ ጉልበት ያገኛል፤ ሁለትና ሦስት እርከን ሲወርድ ቦይ ይቆርጣል። ስለዚህ ባለ ማሳው ማፋሰሻውን የትም አይከፍትም፤ ከበታቹ ያለውን ሰው መጠየቅ አለበት።

ማሳው ውስጥ ሌላ ሥራ አለ። ከአጨዳ በኋላ የማሽላው አገዳ ተኝቶ፣ አፈር ተመልሶበት፣ ማሳውን በአራት ማዕዘን ትንንሽ ገንዳዎች ይከፋፍለዋል፤ ዝናቡ የወደቀበት ገንዳ ውስጥ ቆሞ ይሰርጋል። በእርከኑ ላይ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ የርግብ አተርና ጥጥ ተቀላቅለው ይዘራሉ፣ በመካከላቸው የሽፈራው ዛፍ ይቆማል። ሽፈራው በድርቅም ቅጠል ስለማያጣ ከማሽላ ዱቄት ጋር ተቀቅሎ የዕለት ምግብ ነው። ከብቱ ደግሞ በአብዛኛው ታስሮ ይቀለባል፤ አገዳው ወደ በረት፣ ፍጉ ወደ ማሳ በሰው ጀርባ ይመላለሳል። ልቅ ግጦሽ እዚህ ከስንፍናም በላይ የሚያስወቅስ ጥፋት ነው፤ አንድ በሬ ካብ ሲሻገር የላይኛውን ድንጋይ ያንሸራትታልና።

የአንድ ድንጋይ መንሸራተት ትንሽ ነገር ይመስላል። በቀጣዩ ዶፍ ግን ውሃው በዚያች ክፍተት ይሰበሰባል፣ ከኋላ ያለውን ኮረት ይጠርጋል፣ አፈሩ ይከተላል። የወረደው ድንጋይና ጎርፍ የታችኛውን እርከን ይመታል። በጊዜው ቢደረስ የአንድ ጠዋት ሥራ የነበረው፣ በወቅቱ ማብቂያ ላይ ብዙ ሰው ለቀናት የሚሰለፍበት ይሆናል። የአንድ ተዳፋት ማሳዎች የብዙ ቤተሰብ ናቸው። ላይ ያለው ሰው ቸልተኛ ከሆነ የሚራበው ታች ያለው ነው። "የማሳዬ ካብ የራሴ ጉዳይ ነው" የሚል ክርክር ኮንሶ ውስጥ ቦታ የማያገኘው ከዚህ የተነሣ ነው።

የሥራ ቡድንና ጨቃ

ትልቅ ጥገና በደቦ ይሠራል። የጠራው ሰው ምግብና ጨቃ ያቀርባል። ጨቃ ከማሽላ ወይም ከበቆሎ በብቅል የሚጠመቅ፣ ለመድረስ ቀናት የሚወስድ፣ መጠጥም ምግብም የሆነ ወፍራም መጠጥ ነው። ጠርቶ ጨቃ ያጎደለ ሰው ቀጥሎ ሲጠራ የሚመጣለት ይቀንሳል፤ ተጠርቶ የቀረም እንዲሁ።

ከውጭ የመጣ ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚስተው ሰንሰለት እዚህ አለ። ድርቅ ማሽላውን ሲወስድ የሚጠፋው እህል ብቻ አይደለም፤ የሚጠመቅ አይኖርም። ጨቃ ከሌለ ደቦ አይጠራም፣ ደቦ ካልተጠራ ካብ አይጠገንም። ከዚያ የሚመጣው ዝናብ፣ ሲናፈቅ የነበረው ዝናብ ራሱ፣ አፈሩን ይወስዳል። በደቡብ ኢትዮጵያ ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ በተከታታይ ዝናብ በከሸፈባቸው ወቅቶች ኮንሶም ክፉኛ ተጎድቷል። ከእንዲህ ያለ ጊዜ በኋላ የሚደረግ የጉዳት ጥናት የጠፋ ሰብልና የሞተ ከብት ይቆጥራል፤ ሳይጠገን ያለፈውን ካብ የሚቆጥር ግን እምብዛም ነው።

የጋራ የውሃ ኩሬዎቹም (በአገሬው ሐርዳ ይባላሉ) በዚሁ ሕግ ይተዳደራሉ። ዳርቻቸው በድንጋይ የተካበ ነው፤ ደለሉ በበጋ በጋራ ካልወጣ በየዓመቱ ጥልቀታቸው ይቀንሳል።

ቅጥር፣ ሞራ፣ ትውልድ

በድንጋይ ቅጥር የተከበበው የኮንሶ ከተማ ፓለታ ይባላል። ዱካቱ፣ ገሞሌ፣ መጨቄና ቡሶ ከሚታወቁት መካከል ናቸው። የተመረጠላቸው ቦታ የኮረብታ አናት ነው፤ ቅጥራቸው ከአንድ እስከ ስድስት ዙር ይደርሳል። የውስጠኛው ዙር የመጀመሪያው ነው፤ ሕዝቡ ሲበዛ ውጭ ሌላ ዙር ተጨምሯል። የከተማውን ዕድገት ከመሐል ወደ ዳር እየተራመዱ ማንበብ ይቻላል። መንገዱ ጠባብ፣ የግቢው በር ዝቅ ያለ ነው፤ የሚገባ ሁሉ ያጎነብሳል፣ ጠላትም ቢሆን።

በቅጥሩ ውስጥ ሞራ የሚባሉ የጋራ ሜዳዎች አሉ። በአንዳንድ ከተማ ቁጥራቸው 17 ይደርሳል። ሞራ ላይ ይመከራል፣ ይፈረዳል፣ ይማላል፣ ይጨፈራል፣ ገበጣ ይጫወታሉ። ዳሩ ላይ ፓፍታ የሚባል ትልቅ ቤት ይቆማል፤ ታቹ ክፍት ጥላ፣ ላዩ የሣር ጣሪያ ያለው መኝታ ነው። ጎረምሶች ሌሊት የሚያድሩት እዚህ ነው፤ ባለትዳር ወንዶችም በተራ ይጨመሩበታል። ማደሪያነቱ ግን ግማሽ ሥራው ነው። በሣር የተከደኑ ቤቶች ጎን ለጎን በተጠጉበት ከተማ ውስጥ ትልቁ አደጋ እሳት ነው፤ ሌሊት እሳት ሲነሣ፣ ምጥ ሲመጣ ወይም መልእክት ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ሲኖርበት፣ በአንድ ጥሪ የሚነሡ ሰዎች አንድ ቦታ ተኝተው ይገኛሉ።

ሞራው ላይ የቆመው የጥድ ግንድ ጥቅል ኦላሂታ ይባላል። በካራት አካባቢ በየ18 ዓመቱ ኃላፊነት ከአንዱ ትውልድ ወደ ተከታዩ ሲሸጋገር አንድ ግንድ ይጨመራል። ጎብኚ ግንዶቹን ቆጥሮ በ18 አባዝቶ የከተማውን ዕድሜ ያወጣል፤ ስሌቱ ጥሩ መነሻ ነው፣ ነገር ግን ሁለት ነገር ይስተዋል። የቆየ ግንድ ይበሰብሳል፤ ደግሞም ግንዱ የሚመዘግበው ርክክብን እንጂ የመጀመሪያው ድንጋይ የተካበበትን ቀን አይደለም። ምዝገባው የሚጠቅሰው 21 ትውልድ በ18 ሲባዛ 378 ይሆናል፣ "ከ400 በላይ" ለሚለው ይቀርባል እንጂ አይገጥምም።

ከግንዱ ሌላ ዳጋ ሔላ የሚባል የቆመ ድንጋይ አለ። አንድ ትውልድ ኃላፊነት ሲረከብ ድንጋዩን ከሩቅ ፈልፍሎ፣ ጎትቶ፣ በሥርዓት ያቆመዋል። ክብደቱ ራሱ ፈተና ነው፤ ድንጋዩን አንድ ላይ ማንቀሳቀስ ያቃተው ትውልድ ከተማውን እጠብቃለሁ ቢል ማን ያምነዋል? በዚህ ሥርዓት የወንድ ልጅ ቦታ በዕድሜው ብቻ አይወሰንም፣ ከአባቱ ቦታ ተነሥቶ ይቆጠራል። ስለዚህ እኩዮች የተለያየ ግዴታ ሊኖራቸው ይችላል፤ ጥያቄ አዘጋጅቶ "ዕድሜህ ስንት ነው" ብቻ የሚል አጥኚ ያገኘው መልስ ለዚህ ጉዳይ አይጠቅመውም።

ፖቃላና ዋካ

ኮንሶ ዘጠኝ ጎሳዎች አሉት፤ በጎሳ ውስጥ ጋብቻ የለም። ጎሳዎቹ በየከተማው ተበታትነው ስለሚኖሩ፣ ከተማ ከከተማ ቢጣላ እንኳ በሁለቱም ወገን አማችና ወገን አለ። የጎሳው አለቃ ፖቃላ ይባላል፤ ሥራው ማስታረቅ፣ መባረክና መሬት ላነሰው ማካፈል ነው። በእሱ ይዞታ ያለው ጥብቅ ደን አይቆረጥም፤ የመቃብር ቦታና የመድኃኒት ዕፅ መገኛ ነው። በዙሪያው መሬት ጠቦ እያለ ደኑ ዛሬም መቆሙ ክልከላው ምን ያህል ሥር እንደነበረው ያሳያል።

ለፖቃላና ለጀግና ሲሞት ከጠንካራ እንጨት የተጠረበ ዋካ የሚባል ሐውልት ይቆምለታል። ዋካ ብቻውን አይቆምም። ሟቹ መሐል፣ ሚስቶቹ ግራና ቀኝ፣ የገደላቸው ጠላቶችና አውሬዎች አጠገቡ ይደረደራሉ፤ ግንባሩ ላይ ከላቻ የሚባል ጌጥ ያለበትም አለ። ትርጉሙ ያለው በድርድሩ ነው። ከመካከል አንዱ ተሰርቆ ቢሸጥ፣ የቀሩት ማን እንደሆኑ የማይነገርላቸው እንጨቶች ይሆናሉ። ስርቆቱ ብዙ ጉዳት አድርሷል፤ የተመለሱት በካራት ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ። ሙዚየሙ አድኗቸዋል፣ ከመቃብራቸው ግን ተለያይተዋል። እንዲህ ያለ ቅርስ የሚመዘግብ ሰው ሐውልቶቹን አንድ በአንድ ከማንሣቱ በፊት ሙሉ ድርድሩን በአንድ ፎቶ መያዝ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት መለካት፣ የእያንዳንዱን ማንነት ከቤተሰቡ ጠይቆ በቅደም ተከተል መጻፍ አለበት። ይህ ካልተደረገ የተመለሰ ዋካ የት እንደነበረ ማረጋገጫ የለውም።

"የጋራ" ሲባል ማንን ይጨምራል?

የኮንሶን ትስስር የሚያወድስ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይዘልላል። ሸክላ ሠሪዎች፣ ቀጥቃጮች፣ ሸማኔዎችና ቆዳ ፋቂዎች ሐውዳ ተብለው ከገበሬው ተለይተው ኖረዋል፤ ከገበሬው ጋር አይጋቡም ነበር፣ መሬትም እምብዛም አልነበራቸውም። መሬቱ የሚቆፈርበትን ብረት የቀጠቀጡት፣ የሣር ክዳኑን ጫፍ ከዝናብ የሚጠብቀውን የሸክላ ጉልላት የሠሩት እነሱ ናቸው። ሴቶችም ፍግ ተሸክመው፣ ድንጋይ አቀብለው፣ ጨቃ ጠምቀው ካቡን ያቆማሉ፤ በሞራው ምክር ግን መቀመጫ አልነበራቸውም። ይህን ጎን ያልጻፈ ጥናት የአንዱን ወገን እሴት የሁሉም አድርጎ ያቀርባል። ደግሞ መሬት አልባነቱ ሐውዳዎችን ወደ ንግድ ገፍቷቸው፣ ገንዘብ ዋጋ ሲያገኝ ብዙዎቹ ከቀድሞ ናቂዎቻቸው የተሻለ ኑሮ ይዘዋል። የደረጃው ግንብ የተነቃነቀው በስብከት ብቻ አይደለም፣ ገበያም ገፍቶታል።

የተለወጠው

ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የገባው የወንጌላውያን ሚስዮን፣ ከ1967 ዓ.ም የመሬት አዋጅ በኋላም ደርግ፣ የፖቃላውን ሥልጣን በየፊናቸው አዳክመዋል፤ አንዱ መንፈሳዊውን፣ ሌላው መሬቱን። ጨቃ የማይጠጣ አማኝ ሲበዛ ደቦው በምግብና በሻይ ይጠራ ጀመር። ይህ ለውጥ ብዙ የሚያሳስብ አይደለም፤ የመጠጡ ዓይነት ቢቀየርም ጥሪውና ምላሹ ቀጥሏል።

የሚያሳስበው ሌላው ነው። ወጣቱ ለትምህርትና ለሥራ ወደ ከተማ ሲሄድ ፓፍታው ባዶ ያድራል፤ ያን ጊዜ እሳት ሲነሣ የሚጠራ የለም። የሣር ክዳን በቆርቆሮ መተካቱን የቅርስ ባለሙያዎች አጥብቀው ይቃወማሉ። ሣር እየጠፋ፣ ክዳኑን በየጊዜው ማደስ እየከበደ ባለበት ሁኔታ ነዋሪውን ለመውቀስ አንደፍርም፤ ቆርቆሮው ከሚያጎድለው ይልቅ የፓፍታው ባዶ መሆን ይብሳል እንላለን። ቆርቆሮ ጉልላት እንደማይፈልግ ግን ይታወስ፤ የሸክላ ሠሪዋ አንድ ገበያ አብሮ ይዘጋል።

በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር የእርከን ሥራን ክፍያ ያለው የሕዝብ ሥራ አድርጎታል። ለተራበ ቤተሰብ ጥቅሙ አያከራክርም። ሆኖም በሜትር ተለክቶ የሚከፈልበት ካብ የራሱ ጉድለት አለው። ርዝመቱ ይሞላል፣ መሠረቱ ጥልቅ አይሆንም፤ ኮረቱ ይዘለላል፣ ምክንያቱም ካቡ ካለቀ በኋላ አይታይም፤ ማፋሰሻው የታችኛው ባለ ማሳ ሳይጠየቅ ይከፈታል። መፍትሔው ቀላል ነው። ርክክቡ ካቡ በተጠናቀቀበት ቀን ሳይሆን ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ይሁን፤ የሚረከበውም ከካቡ በታች የሚያርሰው ሰው ይሁን።

የጊዜውም ጉዳይ አለ። በኮንሶ ትልቁ ጥገና መጠናቀቅ ያለበት የበልጉ ዝናብ ሳይጀምር፣ በጥርና በየካቲት መጀመሪያ ነው። የእህል ዕርዳታ በመጋቢት ሲደርስ ሰው ይበላበታል፣ ካቡ ግን አምልጧል፤ አፈሩ ረጥቦ መሠረት ለመቆፈር አይመችም፣ እጁም በዘር ተይዟል። ድርቅ ባለፈ ማግስት ለአንድ ተዳፋት ባለ ማሳዎች በጋራ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ የሚሰጥ ማሽላ በቀጥታ ወደ ደቦ ይለወጣል። ለየቤቱ ተከፋፍሎ ከተሰጠ ግን እያንዳንዱ የራሱን ጎተራ ይሞላበታል፣ ጥሪው የሚጀምርበት ሰው አይኖርም።